ያንገትጌው ቁልፍ

ለባንቺአምላክ በክረምት ቀሚስ ብሰፋላት፣
ያንገትጌው ቁልፍ እምቢ፣ አልዘጋ አላት።
«ሜትርህ አርጅቷል» አለችኝ፤ እኔም አየሁት፣
አርባ ዓመት ያልዋሸኝን ሜትር ጠረጠርኩት።
ሁለት ጣት ለቀቅሁላት፣ ለጥምቀት ደግሞ ሦስት፣
ጨርቅ እየጨመርኩ ነገሩን ስሸሽግበት።

ከእኔ ቀድማ ቀሃን ወርዳ የምትመለስ፣
በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ስትለብስ፣
ድምጿ እየጎረነነ፣ ፀጉሯ እየረገፈ፣
እኔም ዝም፣ እሷም ዝም፤ ስንት ወር አለፈ።

እኔማ ሌሊት አራቴ ጓሮ ስወጣ፣
ጉንዳን ከሽንቴ ሲሰለፍ፣ «ዝናብ ሊመጣ»
ብዬ ተረጎምኩት።
ዝናቡ አልመጣ።

ማክሰኞ ነው፣ አራዳ፣ ሱቄ በረንዳ ላይ፣
መኪናውን በባዶ እግሬ ስረግጥ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ፣
ፔዳሉ ላይ ደም አለ። የማን ነው? የእኔ ነው ወይ?
ከተረከዜ መርፌ፣ እስከ ዓይኑ የሰመጠ፣
አንዳች ሳይሰማኝ ከሥጋዬ የተቀመጠ።

በጎንደር ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተራችንን ይዘን፣
ከጭልጋ ከመጣ ገበሬ ጋር ትከሻ ተደጋግፈን፣
ገባን። ዶክተር ትርንጎ ትባላለች፤ ስሟ የፍሬ ስም፣
ቃሏ ግን ኮሶ ነው፤ ማር አትቀላበትም።
አንቱታም አታውቅም።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን» ብላት፣
«ይህ ተረት እኛ ዘንድ ካርድ አለው፣ የወጣለት።»
ጣቷን ካንገቷ አኑራ «ምራቅሽን ዋጪ» አለቻት፤
እኔ ዓመት የሸሸሁትን በአንድ ጉንጭ ለካችላት።

«ቢራቢሮ የመሰለች ዕጢ ናት፣ እዚህ ያለች፤
እሷ ስትደክም ቤቱ ሁሉ ይበርዳል» አለች።
«ይህችን ክኒን ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድሽ ዋጪ፤
ተሻለኝ ብለሽ እንዳትተዪ፤ የተሻለሽ ስለምትውጪ።
ጨውሽንም አሞሌውን ትተሽ አዮዲን ያለውን ግዢ፣
ክደኚው፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ያዢ፣
ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ልብስ ሰፊው፣ ማታ ማታ እግርህን እይ፣
በጣቶችህ መሃል፣ በተረከዝህም ላይ።
እግርህ ከእንግዲህ አይነግርህም፤ ዓይንህን ጠይቅ፤
ያለ ጫማ ከአልጋ እስከ በር እንኳ እንዳትርቅ።»

«ጾሙስ?» አልኳት። «ከነፍስ አባትህ ጋር ተማከር፤
መርፌ ወግተህ ሳትበላ ግን እንዳትውል በደብር።
እጅህ ሲርድ፣ ላብ ሲያጠምቅህ፣ ከረሜላ ጉረስ ከኪስህ፤
የከሰሰህም ስኳር ነው፣ ያን ዕለት ዋስ የሚሆንህ።»

ፍሪጅ የለንም። ባንቺአምላክ ከቅዳሜ ገበያ
ገንቦ ገዛች፤ እርጥብ አሸዋ፣ የብልቃጤ ማደሪያ።
መብራት ሄደ ብሎ ሰፈሩ ሲያማርር፣
የእኔ ገንቦ ዝም ብላ ትበርዳለች ጓዳ ዳር።

አርባ ዓመት መርፌ ይዤ የሰው ጨርቅ ስወጋ
እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ያን ዕለት ሲነጋ
ሆዴን በሁለት ጣት ቆንጥጬ ቀረሁ።
የገዛ ቆዳዬን ፈራሁ።
«ክር የለው!» ብላ ሳቀችብኝ።
በሳቋ መሃል ወጋሁ።

አሁን መስከረም ነው። እንቅርቱ አለ፣ አልጠፋም፤
«ላይጠፋ ይችላል» ብላናለች፤ ትርንጎ አትዋሽም።
ጋቢው ግን ታጥፎ ከሳጥን ግርጌ ገብቷል፣
ከጓሮ ስትጣራኝ ድምጿ ወደ ቦታው ተመልሷል።
ማታ ባትሪ አብርታ እግሬን ታገላብጣለች፣
እንደ ጥልፍ ስህተት፣ «ይህ ምንድን ነው?» ትላለች።

የዱሮውን ቀሚስ ፈትቼ በልኳ ሰፋሁት፤
ሜትሬን፣ ማንም ሳያይ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት።